ዳገቱ ከላይ ሲጀመር

ልጆቹ ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን ስሟ «እትዬ እንቁላል» ነው። ስሙ ከመልኳ የመጣ እንዳይመስላችሁ። መልኳ ረዘም፣ ቀጠን ያለ፣ ነፋስ ቢመጣ ይዟት የሚሄድ ዓይነት ነው። ስሙ የመጣው ከአፏ ነው። በወጣቶቹ ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን፣ ቼሎና ባስ የሚጫወቱትን የምታሠለጥነው እሷ ናት፤ ታዲያ አንዱ ልጅ መጣደፍ በጀመረ ቁጥር ዓይኗን ጨፈን አድርጋ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትላለች። ድሮ ልጆቹ በአንድ ከሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትለው እየተወራረዱ ይቆጥሩ ነበር። ሲሰለቻቸው ስም አወጡላትና ተገላገሉ። እሷም ሰምታለች። «ምነው፣ ከዶሮ አይሻልም?» አለች አሉ።

የሚለማመዱበት ክፍል ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ጠበብ ብለው ተሰልፈዋል፤ ከውጭ ሲታዩ ግን ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ናቸው። ስለዚህ ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከተማው ማለት ጫማ ነው። ፊት የለ፣ ባርኔጣ የለ፣ ጫማ ብቻ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል የአላፊ አግዳሚው እግር ጥላ በልጆቹ ግንባር ላይ፣ በተከፈቱት ኖታዎች ላይ፣ በትልቁ ባስ ሆድ ላይ እየተሻገረ ያልፋል። ልጆቹ ክራቸውን ሲቃኙ ቲቸር ቀና ትልና ጫማዎቹን ትመለከታለች። ይሄ ቸኩሏል። ይቺ የምታገኘው ሰው አላት። ይሄኛው ደግሞ ወደ ቤቱ መግባት አልፈለገም። አንዳንዴ የቅኝቱ ድምፅና የማታውቀው ሰው እርምጃ ይገጥሙና፣ የምታየው ሕልም ይሁን እውን ለጊዜው ይጠፋታል።

እግር ማየት ያበዛችው ባሏ ከታመመ ወዲህ ነው። ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ሲሞርድ ግራ እጁና ግራ እግሩ «እኛ የለንበትም» አሉት። ሆስፒታል ሰነበተ። አንደበቱ ተመለሰ፣ ቀልዱም ተከትሎት መጣ፣ እጁም ቀስ በቀስ ሰው ሰው ሸተተ። አሁን ሜዳ ላይ ከዘራ ይዞ ደህና ይሄዳል። ደረጃ ግን እንቢ አለው። ቤታቸው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው ሲሠራ አሳንሰር ያሰበ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከሆስፒታል የወጣው ወደ ታላቅ እህቱ ምድር ቤት ነው፤ ሁሉም «እታለም» ወደሚሏት።

«በወንበር ተሸክመን እናስገባህ» ሲሉት አሻፈረኝ አለ።

«ሰው ተሸክመው የሚያወጡት ከቤቱ ነው» አለ። «ወደ ቤቱ ተሸክመው የሚያስገቡት ሰው አይቼ አላውቅም። በእግሬ ካልገባሁ አልገባም።»

ይህን ሲል የቤቱ ቁልፍ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር። በጤናው ጊዜ ማታ ሲገባ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ እግሩን ሳያሳርፍ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ከበሩ ጎን ካለችው ምስማር ላይ ቁልፉን መስቀል ነበር። አሁን ምስማሯ ባዶዋን ቀርታለች። ቲቸር ስትወጣም ስትገባም ታያታለች፤ አንዳንድ ቀን እንዳታያት ፊቷን ታዞራለች።

እታለም ክፉ ሰው አይደለችም። ወንድሟን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው። ግን አንድ ቀን የወንድሟን ሚስት ኩሽና አስቀምጣ እንዲህ አለቻት፦ «እስከ መቼ እሱ እዚህ አንቺ እዚያ? ወሩ ሲያልቅ ቤቱን አስረክቢና እኔ ጋ ግቢ። ያው የልጆቹን ፊሽካ ግን እዚህ አታመጪብኝም፤ ራሴን ያመኛል።» ቲቸር ቼሎ ፊሽካ አለመሆኑን ልታስረዳት አልሞከረችም። «እስከ ወሩ መጨረሻ ልይና እነግርሻለሁ» ብላ ወጣች። በአራተኛ ፎቁ ቤታቸው የፊተኛው ክፍል ውስጥ እሷ ስታስተምር፣ እሱ ኩሽናው ጥግ ቁልፍ ሲሞርድ ስንት ዓመት ኖረዋል። ልጆቹ በምት ሲጫወቱ ሞረዱም በምት ይሄዳል፤ ልጆቹ ሲሳሳቱ እሱ ሳል ይስላል። ያ ሳል ናፍቋታል። ቤቱን መልቀቅ ማለት ያን ሁሉ መልቀቅ መሰላት፣ ፈራችም።

ደረጃውን አልሞከረም እንዳይባል ይሞክራል። በየቅዳሜው የእህቱ ልጅ፣ ሹፌሩ፣ በመኪና ያመጣዋል። ከታች ይጀምራል። የመጀመሪያውን ፎቅ እየቀለደ ይወጣል፤ ሁለተኛውን እያላበው። ከዚያ በላይ ደረጃው የሚታጠፍበት፣ ክብ መስኮት ያለበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ግራ እግሩ ቀጥ ይላል። ቲቸር ከላይ፣ ከበሩ ላይ ሆና «አይዞህ! ትንሽ ነው የቀረህ!» ትለዋለች። እሱ ቀና ብሎ ያያትና ፈገግ ይላል፣ ከዚያም ክቡ መስኮት ሥር ይቀመጣል። የእህቱ ልጅ ትከሻ ይሰጠዋል፤ ይወርዳሉ። የሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። የሚቀጥለውም።

ከልጆቹ መሃል አንዲት ቼሎ የምትጫወት ልጅ አለች። ቲቸር «ችኩሌ» ነው የምትላት። ኖታ ሳትጨርስ ገጽ የምትገልጥ፣ ሳይጠሯት አቤት የምትል፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ለእሷ የሚመስል ልጅ ናት። በሚመጣው ኮንሰርት ቼሎዎቹ ብቻቸውን የሚጫወቱት አንድ ቦታ አለ፤ ከወፍራሙ ክር ተነስቶ እስከ ጫፍ የሚወጣ፣ ጣት የሚያጣላ። ልጆቹ «ዳገቱ» ይሉታል። ችኩሌ ዳገቱን ሽምጥ ትጀምረዋለች፣ ከመሃል ከፍ ብሎ ትወድቃለች፣ ትበሳጫለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች። ሁልጊዜ የምትወድቀው እዚያው ነው።

አንድ ቀን ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ቲቸር አስቀረቻት። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ብርሃን ያ በመስኮቶቹ የሚገባው፣ የጫማ ጥላ የሚመላለስበት ብርሃን ነበር።

«የት ጋ ነው የሚያስቸግርሽ?»

«እዚህ ጋ፣ ቲቸር። ከመሃል ከፍ ብሎ።»

«እስቲ ተጫወቺው።»

ልጅቷ ገጿን ገልብጣ ወደ ኋላ ሄደች።

«የት ትሄጃለሽ?»

«ከመጀመሪያው ልነሳ ብዬ ነው።»

«መጀመሪያው ያስቸግርሻል?»

«አይ፣ እሱንማ ተኝቼም እጫወተዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አጠፋና ነው የምትቀጠቅጪው?»

ችኩሌ ሳቀች። ቲቸር አልሳቀችም፤ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ጣት ስህተትና ትክክል አይለይም። የደጋገምሽለትን ይይዛል። እየሮጥሽ ትመጪና እዚያ ትወድቂያለሽ፤ እንደገና እየሮጥሽ ትመጪና እዚያው ትወድቂያለሽ። ዳገቱን እየተለማመድሽ ይመስልሻል፤ የተለማመድሽው ግን መውደቅ ነው። ደግሞ ጎበዝ ነሽ፣ በደንብ ለምደሽዋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የመጨረሻዋን ኖታ ስጪኝ። እሷን ብቻ።»

ልጅቷ ግራ እየገባት ደጋኑን ሳበች። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ኖታ ብቻዋን ወጣች፣ ቀጭንና ትንሽ የተንቀጠቀጠች። «እንደገና» አለች ቲቸር። «ረጋ ብለሽ። ቤትሽ ናት፤ እቃውን እይው፣ ወንበሩን እይው፣ ተቀመጪ።» ችኩሌ እንደገና ሳበች። አሁን ድምፁ ሞላ አለ። «አሁን ከበሩ ወጣ በይና ግቢ።» ከመጨረሻዋ በፊት ያለችውን ኖታ፣ ከዚያ የመጨረሻዋን። ደግሞ ከእነሱ በፊት ያለችውን ጨምራ ሦስቱን። ሁልጊዜ ትንሽ ራቅ ብሎ መነሳት፣ ሁልጊዜ ወደምታውቀው መግባት። ሰው ቤቱን አስቀድሞ አይቶ መንገዱን በኋላ እንደሚማረው ነበር። በመስኮቱ በኩል ጫማዎቹ እየሳሱ ሄዱ፣ አቧራው ብርሃኑ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ የሁለቱም ጊዜ ከውጪው ጊዜ የተለየ መሰለ። አስቸጋሪው ቦታ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ አላወቀችውም፤ አልፋው ወደ ላይ ስትወጣ ነው ዞር ብላ ያየችው።

«አለፍኩት እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል» አለች ቲቸር፤ ልቧ ግን በደስታ ሞቅ ብሏት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ችኩሌ ለትምህርት ወደ ቲቸር ቤት መጣች። እንደ ልማዷ አርፍዳለች፤ እንደ ልማዷ ቼሎዋን በጀርባዋ አዝላ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ትዘላለች። ቲቸር በሩን ከፍታ ትጠብቃለች። የዚያ ሕንፃ ደረጃ እንደ ጉድጓድ ነው፤ ታች የወደቀ ድምፅ ሁሉ ተጣርቶ ወደ ላይ ይወጣል። የልጅቷ እርምጃ ክቡ መስኮት ጋ ቆመ። ባሏ እዚያ ተቀምጦ ነበር፤ የእህቱ ልጅ መኪናውን ሊያቆም ወርዷል።

«ደህና ዋሉ ጋሼ። ደክሞዎት ነው?»

«አልደከመኝም። እዚህ ጋ ቀጠሮ አለኝ» አለ። «በየሳምንቱ እየመጣሁ እቀመጣለሁ። ለቲቸርሽ እንዳትነግሪብኝ እንጂ እግሬ ይቺን ቦታ ወዳታለች።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ሳትጠየቅ መመለስ ብቻ ሳይሆን ሳይፈቀድላት መጠየቅም ታውቅበታለች።

«ጋሼ፣ ሁሌ ከታች ነው የሚጀምሩት?»

«ታዲያ ከየት ልጀምር? ደረጃ ከሰማይ ይጀመራል እንዴ?»

«ቲቸር እኔን ዳገቱን ያስጀመሩኝ ከላይ ነው። ከመጨረሻዋ ኖታ። እኔም እንደርስዎ አንድ ቦታ ላይ ነበር የምወድቀው። መውደቅ ነው የተለማመድሽው አሉኝ።»

ቲቸር በሩ ላይ ክው ብላ ቀረች። በየቅዳሜው አንድ ሰው እየታገለ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ሲቆም አይታለች። ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ ቼሎ ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን ትይዘው ነበር። የገዛ ባሏ ስለሆነ፣ ስለምትወደው፣ ጆሮዋ ተደፈነ። ያ «አይዞህ» ደግሞ! ልክ እዚያች ቦታ ላይ እየጠበቀች ስትጮህለት፣ እግሩ የመቆሚያ ምልክት አድርጎ ይዞታል። በራሷ አፈረች።

ታች ቁልፍ ሠሪው ደረጃውን በከዘራው መታ መታ አደረገ። ከዚያ «ከላይ ለመጀመር ላይ መድረስ አለብኛ» አለ። «ተሸክመው አያስገቡኝም ብዬ ምያለሁ።»

«ቤት እኮ አያስገቡዎትም» አለች ችኩሌ። «ልምምድ ቦታ ነው የሚያደርሱዎት።»

የሚሸከሙት ሰዎች አልጠፉም። ባስ የሚጫወቱት ሁለት ወጣቶች፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ፣ ያን ከሰው የሚበልጥ መሣሪያቸውን ወደ ቲቸር ቤት ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። የደረጃውን መታጠፊያዎች በልባቸው ያውቃሉ፦ አንገቱ ወደ ውስጥ፣ ሆዱ ወደ ውጭ፣ ከታች ያለው ይግፋ፣ ከላይ ያለው ዝም ብሎ ይጎትት። ቁልፍ ሠሪውን በኩሽና ወንበር ላይ አስቀምጠው እንደ ባሱ አነሱት።

«ክሬን እንዳትበጥሱ» ይላል እየሄደ። «ቅኝቴ ከጠፋ ቲቸራችሁ ታባርረኛለች።»

ከመጨረሻዋ ደረጃ በታች አወረዱት። ከዘራውን ሰጡት። ቲቸር በሩን ዘግታ ከውስጥ ቆማለች፤ «አይዞህ» እንዳትል ከንፈሯን ነክሳለች። ከዘራው መሬቱን ሲነካ ሰማች፣ ቀኝ እግሩ ወጣ፣ ከዚያ ግራው እየተጎተተ ተከተለ። ቁልፉ ቀዳዳውን ፈልጎ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። በሩ ተከፈተ።

«አንድ ደረጃ» አለ፣ ላቡ በግንባሩ ላይ። «በእግሬ ናት።»

እሷ አለቀሰች፤ ለምን ትደብቀዋለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ የኩሽናውን ጥግ አየ፣ ሞረዱን አነሳና አስቀመጠ። «በቃ እዚሁ ቅር» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ደረጃ ወጥቶ አራት ፎቅ ወጣሁ ማለት ሌብነት ነው። ቁልፍ ሠሪ ደግሞ ሌባ መባል አይወድም።» ቁልፉን ከምስማሯ ላይ ሳይሰቅል ወደ ኪሱ መለሰና የእህቱን ልጅ ትከሻ ይዞ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ ቀን መሆኑ ቀረ። ሹፌሩ በተመቸው ከሰዓት ሁሉ ያመጣዋል፤ የባሶቹ ልጆች ይሸከሙታል፤ በየጊዜው ትንሽ ዝቅ ብለው ያወርዱታል። ከዚያ እየወጣ ይገባል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይወርዳል። ቲቸር ውስጥ ሆና ታዳምጣለች እንጂ በሩን አትከፍትም። ሕልሟ ውስጥ እንኳ ከዘራ፣ ጫማ፣ የሚጎተት ጫማ የሚል ምት ገባ፤ ከእንቅልፏ ስትነቃ ጣቷ አንሶላው ላይ እየመታው ታገኘዋለች። ክቡን መስኮት ያለፉበትን ቀን ማንም አላስታወሰም። ከበታቹ አወረዱት፤ እሱ ስለ ጎረቤቱ ቀለም ቅብ እያማ በአጠገቡ ወጣ።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሆነ። እታለም በዋዜማው ደውላ «እህ፣ ምን ወሰንሽ?» ብላ ነበር። «ነገ ማታ» አለቻት ቲቸር። ሲነጋ እሱ ይመጣ እንደሆነ እንኳ አላወቀችም፤ የባሶቹ ልጆች ለኮንሰርቱ መሣሪያ ሊያጓጉዙ ሄደዋል። ችኩሌ ብቻ መጣች፣ ዳገቱን ለመጨረሻ ጊዜ ልታሰማ። መስኮቱ ተከፍቶ ነፋሱ መጋረጃውን ወደ ውስጥ ይነፋዋል፣ መልሶ ይስበዋል።

ታች የሕንፃው በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ ከዘራ። ከዚያ ጫማ። ከዚያ የሚጎተት ጫማ።

ሌላ እርምጃ የለም። ከመሬት ነው የጀመረው፣ ብቻውን።

ችኩሌ ደጋኗን አነሳች እንጂ አልጫወተችም። ሁለቱም ጣሪያውን እያዩ አዳመጡ፤ ድምፁ ግን ከታች ነው የሚመጣው። አንደኛው ፎቅ አለፈ። ሁለተኛው ላይ እረፍት አደረገ፣ ቀጠለ። ክቡ መስኮት ጋ ደረሰ። ከዘራው መሬቱን መታ፤ ጫማው ተከተለ፤ የሚጎተተው ግን አልመጣም።

ቲቸር ተነስታ በሩ ጋ ሄደች። እጇ እጀታው ላይ፣ ያቺ ቃል ምላሷ ላይ ነበረች። መጥራት ፈለገች፣ ወርዳ ልታቅፈው ፈለገች። ከሁሉ ይልቅ ግን በእግሩ እንዲገባ ፈለገች። እጇን ከእጀታው አነሳች።

«ተጫወቺ» አለች በሹክሹክታ።

«ከየት፣ ቲቸር?»

«ከመጨረሻዋ።»

ልጅቷ ያቺን አንድ ኖታ ሳበች። ሳትቸኩል፣ ከደጋኑ ሥር እስከ ጫፉ። ድምፁ በበሩ ሥር ወጥቶ ደረጃውን ሞላው፣ እየተሽከረከረ ወረደ። ሲያልቅ እንደገና ሳበችው። ደግሞም እንደገና። ችኩሌ በሕይወቷ አንዲት ነገር ላይ ይህን ያህል ቆይታ አታውቅም።

የሚጎተተው ጫማ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ ከዘራው፣ ከዚያ ጫማው። ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ገብቶበታል። እርምጃው ከፍ እያለ፣ እየቀረበ መጣ። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ገባና ዞረ።

ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። በሩ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ መጀመሪያ ያየው ችኩሌን ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ከዚህች ኖታ ሌላ አታውቂም እንዴ? ሆዴን በላሽው እኮ!»

ልጅቷ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። ሚስቱ ከዘራውን ተቀበለችው። «ለእታለም ምን ልበላት?» አለችው።

«ደውዪላት። ልትጠይቀኝ ከመጣች ደረጃውን ከላይ ትጀምር በያት» አለ።

ከዚያ ኮቱን ሳያወልቅ፣ እግሩንም ሳያሳርፍ፣ በቀኝ እጁ ግድግዳውን ይዞ ወደ ምስማሯ ዞረና ቁልፉን በዚያ ደካማ ግራ እጁ ሰቀለው።